ይሰማል የሚለው ካርቶን

ባለቤቴን በመሥሪያ ቤቷ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስልከኛ ነበረች። ከቢሮዎቹ ውስጥ እሷን የፈለገ ሁሉ የሚያዞረው ዜሮን ስለሆነ ዜሮ አሏት፤ ታናናሾቿ ደግሞ «እትዬ ዜሮ» ይሏታል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ይህን ሲሰማ ስድብ ይመስለውና ይደነግጣል። እሷ ግን ትስቅ ነበር። «ከዜሮ በታች የት ያወርዱኛል?» ትላለች።

ከዜሮ በታችም መውረድ እንዳለ ያየነው ጡረታ ልትወጣ አሥራ ሦስት ወር ሲቀራት ነው። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ነገሩ የተጀመረው በኔ እጅ ስለሆነ እኔው ልጻፈው።

የምትሠራበት ክፍል ከደረጃ ሥር ነበር። ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ ስለሆነ ከወንበሯ ስትነሳ ጎንበስ ማለት ነበረባት። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር እግር ከራሷ በላይ ይረግጣል፤ ከአረጋገጡ ማን እንደሆነ ለይታ ታውቃለች። ከፊቷ ሰሌዳው አለ፤ ለእያንዳንዱ ቢሮ አንዲት ትንሽ መብራትና አንዲት ቀዳዳ። መብራት ሲበራ ገመድ ትሰካለች፣ «አቤት፣ ማንን ላገናኝ?» ትላለች፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ደግሞ ከተፈለገው ቢሮ ቀዳዳ ትከታለች።

ከገመዶቹ ፊት ትናንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱን ወደ ራሷ ከሳበችው የሚነጋገሩትን ሰዎች ትሰማለች። ቁልፉ የተሠራው መስመሩ መያያዙን ለማጣራት ነው፤ ከዚያ በላይ ያዳመጠች ስልከኛ ከሥራ ትሰናበታለች። ሲቀጥሯት ይህን ፈርማለች። የፈረመችበትን ወረቀት ቅጂ እንደ ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፋው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ቆይቶ ቢጫ ሆኖ ነበር።

«ቢሆንም አያምኑኝም» ትለኝ ነበር። «ደህና አደርሽ ከማለታቸው በፊት ዓይኔን ያዩታል። ትናንት ከሚስቴ ጋር ስጣላ ሰምታኝ ይሆን እያሉ።»

በዚያ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ መጨረሻ፣ ለበዓሉ ከመዘጋቱ በፊት ባለው የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ሠራተኞቹ ስጦታ ይሰጣጡ ነበር። የሁሉም ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፍና ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ያወጣል፣ ስሙ ለወጣለት ሰው ስጦታ ያዘጋጃል። የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ደንቡን በመኪና አስጽፎ በየፎቁ ይለጥፋል። ጥሬ ገንዘብ ክልክል ነው። ሰው የሚያስቀይም ነገር ክልክል ነው። ሰጪው ስሙን አይጽፍም፣ ተቀባዩም «ማነው የሰጠኝ?» ብሎ አይጠይቅም። የደረሰው ሰው ግን በሰው ፊት ከፍቶ ያመሰግናል።

ይህ በሰው ፊት መክፈት የሚሉት ነገር ነው ያጣላቸው። አንድ ዓመት የመዝገብ ቤቱ ሹም ሳሙና ደረሰው፤ «ሸተትከን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ስድስት ወር አኮረፈ። ራሰ በራው ሾፌር ደግሞ ማበጠሪያ ደረሰው። እሱስ ጨዋ ነው፤ ማበጠሪያውን ከፍ አድርጎ አሳየና «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጸጉሩን ለከርሞ አደራ» አለ።

ባለቤቴ የራሷ ደንብ ነበራት። «የስልከኛ ስጦታ ምንም የማያውቅ ስጦታ መሆን አለበት» ትል ነበር። ለአንዱ የሕፃን ብርድ ልብስ ብትሰጥ፣ «ሚስቴ ማርገዟን ከየት አወቀች?» ይላል። ለሌላው የጉልበት ቅባት ብትሰጥ፣ ለሐኪሙ የነገረውን ሰምታለች ማለት ነው። ስለዚህ ለማንም ይድረስ ለማን ሁለት ነጭ መሃረብ በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ ትሰጥ ነበር። «መሃረብ ምንም አያውቅም። አፍንጫ ደግሞ የሌለው የለም።» ስም ባይጻፍበትም ሁሉም የማን እንደሆነ ያውቀዋል። «ዜሮ የደረሰችው ሰው ለጉንፋን ይዘጋጅ» ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ከቆርቆሮው ያወጣችው የሥራ አስኪያጁን ስም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እናቱ እቤቱ ይኖራሉ፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ። ዓይናቸው አያይም። በስልኩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በጣታቸው እየቆጠሩ መሥሪያ ቤት ይደውላሉ። እሱ ገና እንደመጣ ለባለቤቴ አዟት ነበር፤ «እናቴ ሲደውሉ ስብሰባ ላይ ነው በሏቸው።»

«ልጄ ስብሰባ ላይ ነው፣ አይደል?» ይሏታል ገና ድምፅዋን ሲሰሙ።

«አዎ እማማ።»

«ሁልጊዜ ስብሰባ! ምን ቢሰበስቡ ነው የማይሞላላቸው?» ይስቃሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «በይ አንቺ ንገሪኝ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ራዲዮናቸው ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ጠዋቱና ከሰዓቱ ተቀላቅሎባቸዋል። «ሰዓቱን ካላወቅኩ ጉድጓድ ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ» ብለዋታል። ለልጃቸው ስለ ራዲዮኑ ነግረውት ረስቶታል፤ ደግመው መንገሩ ከበዳቸው። ባለቤቴ በቀን አራት አምስት ጊዜ ሰዓቱን ትነግራቸው ነበር። ከደዋይ ጋር ጨዋታ መያዝም ክልክል ነው። ግን ሰዓት መንገር ጨዋታ አይደለም እያለች ራሷን ታጽናናለች።

የሥራ አስኪያጁ ስም የወጣላት ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ሱቄ መጣች። ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት መንገድ ማዶ ነበር።

«መሃረብ ብሰጣቸው ማን ይቀየመኛል?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ማንም» አለች። «እማማስ?»

ያን ጊዜ «ደንብሽን አታፍርሺ፣ መሃረብሽን ስጪ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ለሥራ አስኪያጅ የሚሰጥ ራዲዮ በእጄ ሊሠራ ነው ብዬ። ከተለያዩ አሮጌዎች ጥሩ ጥሩውን አውጥቼ አንድ ራዲዮ ገጣጠምኩ። ጣቢያ የሚፈለግበትን ማዞሪያ በሞረድ ጫርኩት። ሰዓት የሚናገረው ጣቢያ ላይ ሲደርስ ጭረቱ አውራ ጣት ሥር እንዲውል አድርጌ ነው የጫርኩት፤ የማያይ ሰው በጣቱ ያገኘዋል። በዚህ ተንኮሌ በጣም ኮራሁ። የስጦታው ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ከሱቄ እንድታነሳው፣ ጠቅልዬ አዘጋጅቼ ጠበቅኳት።

እዚህ ላይ የሱቄን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። የመጣልኝ ራዲዮ ሁሉ ላይ ከጫማ ሳጥን የተቆረጠች ካርቶን በክር አስራለሁ። ያልሠራሁት ላይ «አይሰማም» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሠራሁት ላይ «ይሰማል»። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ነው፤ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ያደርገዋል። ያንንም ራዲዮ ሞክሬ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ እጄ ካርቶን ቆርጧል፣ «ይሰማል» ብሎ ጽፏል፣ ከእጀታው ላይ አስሯል። ከዚያ ከነካርቶኑ ጠቀለልኩት።

በአዳራሹ ሻይና ብስኩት ቀርቦ ስጦታው በየተራ ይከፈት ጀመር። ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ቀደደ፣ ራዲዮኑን አወጣ። ሰው አጨበጨበ። ጸሐፊው የሆነችው ሴት ከጎኑ ነበረች፤ የተንጠለጠለችውን ካርቶን አየችና ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ አነበበች።

«ይሰማል ይላል!»

ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም። እኔ የጻፍኩት ጠብቆ የሚነበበውን ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ራዲዮኑ ደህና ነው ለማለት። እሷ ያነበበችው አላልታ ነው፤ እሱ ይሰማል፣ የሚሰማ ሰው አለ እንደማለት።

«ማነው የሚሰማው?» አለ አንዱ።

«ግድግዳው ነዋ!» አለ ራሰ በራው ሾፌር ከኋላ። «ጆሮ አለው ሲባል አልሰማህም?»

አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። በዚያ ወር ከሥራ የሚቀነሱ ሰዎች ዝርዝር ሾልኮ ወጥቶ ሠራተኛው ሲታመስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ያንን ዝርዝር የተናገረው በስልክ ብቻ ነው። ካርቶኗን ገልብጦ አየ፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። ራዲዮኑን አዟዟረው። አውራ ጣቱ ማዞሪያው ላይ ሲያርፍ ቆመ። ጭረቱን ደጋግሞ ዳሰሰው። እናቱ ዓይናቸው እንደማያይ በዚያ መሥሪያ ቤት ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ይሄን ማን ነው ያመጣው?» አለ።

ደንቡ አይጠየቅም ይላል። ካርቶኗን ከክሩ በጥሶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ራዲዮኑን ይዞ ሳያመሰግን ወጣ። ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሾፌሩ የከበደውን ነገር ሊያቀልል ፈልጎ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«እትዬ ዜሮ፣ ዘንድሮ ጉንፋን የያዘው ማነው? መሃረብ የደረሰው ሰው አላየሁም እኮ።»

«ስጦታ ምሥጢር ነው» አለች።

በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ካርቶኗን አልፈታሃትም?»

መጀመሪያ ምን እንደምትለኝ አልገባኝም። ከዚያ መደርደሪያዬን አየሁ፤ ይሰማል፣ ይሰማል፣ አይሰማም፣ ይሰማል።

አራት ቀን የበዓል ዕረፍት ነበር። እንደዚያ ያለ በዓል ለጠላቴም አልመኝ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። አንድ ቀን የመጣችው ጎረቤታችን ነበረች፣ ወንፊት ልትዋስ፤ ባለቤቴ ወንፊቱን አቀብላ በሩን ቶሎ ዘጋችባት። የመስኮቱን መጋረጃ ጠርዝ ፈትታ ሰፋችው፣ ደግማ ፈታችው። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቃሏ እየደገመች ነው። «…ያዳመጠች እንደሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ…»

«አንቺ እኮ አላዳመጥሽም» አልኳት።

«ማን ያምነኛል?»

«ሄደሽ ንገሪያቸዋ። እናትዎ ናቸው የነገሩኝ በያቸው።»

«እናትዎ በቀን አምስቴ ይደውላሉ፣ እርስዎ አያነሱም፣ ሰዓት የምነግራቸው እኔ ነኝ ልበላቸው?» አለች። «ይሄን ለልጅ መናገር ከማዳመጥ አይብስም?»

ጡረታዋ አሥራ ሦስት ወር ቀርቶታል። በማዳመጥ የተባረረች ስልከኛ ጡረታዋን ብቻ አይደለም የምታጣው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ የድሮ ወሬውን እያስታወሰ «ያኔ ሰምታኝ ነበር ለካ» ይላል። የሃያ ስድስት ዓመት ዝምታዋን ሁሉ ይወስዱባታል። የምትፈራው ይህን ነበር።

ሥራ በተጀመረ ቀን ጠዋት ሰሌዳዋ ፊት ተቀመጠች። ከላይ የሚረግጠው እግር ሁሉ ወደ እሷ የሚወርድ መሰላት። ሦስት ሰዓት ላይ እማማ ደወሉ፤ ሰዓት ጠየቁ። ራዲዮኑ አልደረሳቸውም ማለት ነው። ነገረቻቸውና ቶሎ ዘጋች። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የሥራ አስኪያጁ መብራት በራ።

«የሠራተኛ አስተዳደሩን አገናኙኝ» አለ። ሌላ ጊዜ «እባክዎ» ይል ነበር።

ሰካች። እጇ ቁልፎቹ ላይ እንደነበረ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ማዳመጥ አምሯት አያውቅም ነበር፤ አመሉ የሌለበት ሰው መጠጥ ቤት ደጃፍ እንደሚያልፈው ነበር የምታልፈው። ያን ዕለት ግን የሚነጋገሩት ስለ እሷ ዕድል ነው፤ ጣቷ ደግሞ ከቁልፉ ጋር ተነካክቷል። መስመሩ መያያዙን ማጣራት ይፈቀዳል አለች ለራሷ። ሳበችው።

«…ስልከኛዋስ?» ይላል ሥራ አስኪያጁ።

«እትዬ ዜሮን በዚህ አልጠረጥራትም» ይላል የሠራተኛ አስተዳደሩ። «የፈረመችውን ግድግዳ ላይ ለጥፋ የምትሠራ ሴት ናት። ደግሞ የሷ ስጦታ መሃረብ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ነገር ነው።»

«ካርቶኑም ይሰማል ነው የሚለው፣ ትሰማለች አይልም። ወንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ በር ላይ መሰላል አቁሞ ሲፈታታ የዋለው ማነው?»

«የመስመር ሠራተኛው ነው። ሽቦ የሚሉት።»

«እሱ ነው። እስከ ሐሙስ የስንብት ደብዳቤው ይድረሰው።»

ቁልፉን መለሰችው። እስከ ሃያ ብትቆጥር ነው የቆየችው።

ሽቦ የስልክ መስመር የሚያበጅ ቀጭን ሰው ነው፤ ሰሌዳዋ ላይ የተቃጠለ መብራት የሚቀይረው እሱ ነበር። ክፍሏ በገባ ቁጥር ጣሪያው ይመታዋል፣ በወጣ ቁጥርም ይመታዋል፤ «እትዬ፣ ይቺ ጣሪያ እኔን ነው የምትጠብቀው» ይላል። አራት ልጆች አሉት።

ምሳ ሰዓት ሱቄ ገብታ ከደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሰማችውን ነገረችኝ። ስትጨርስ፣ «አሁን እውነትም ሰምቻለሁ» አለች።

ያኔ ያልኳትን እዚህ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። «ዝም በይ» አልኳት። «አንቺን አልጠረጠሩም። ሽቦ ወጣት ነው፤ የትም ይሠራል። አሥራ ሦስት ወር ብቻ ዝም በይ።»

አየችኝ። ተቆጣች ማለት አልችልም፤ ራቅ ያለ ነገር ለማየት እንደሚያጠብቡት ዓይኗን አጠበበች።

«ይሰማል ብለህ የጻፍክ አንተ» አለች ቀስ ብላ። «የሰማሁ እኔ። የሚባረረው ሽቦ?»

«ስትነግሪያቸው እኮ ማዳመጥሽንም መንገርሽ ነው። ሽቦ ሊባረር መሆኑን ከየት አወቅሽ ሲሉሽስ?»

«አውቃለሁ» አለች። ተነሳች። ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች፣ ከመደርደሪያዬ ላይ አንዲት ይሰማል የምትል ካርቶን ከክሯ ፈታች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እስከ በሩ ሸኘኝ።»

እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሸኘኋት። ደረጃውን ስትወጣ አየሁ፤ ከዚያ በፊት ደረጃ ስትወጣ አይቻት አላውቅም ነበር፣ ሥራዋ ሁልጊዜ ከሥሩ ነው። ዘበኛው «ሱቁን ማን ይዞልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳልቆልፍ መምጣቴ ያኔ ትዝ አለኝ። አልተመለስኩም። የሥራ አስኪያጁን ቢሮ መስኮት፣ ሦስተኛውን ፎቅ፣ እያየሁ ቆምኩ። የሆነ ጊዜ መስኮቱ ተዘጋ። የተጮኸ እንደሆነ እንዳይሰማ የዘጉት መሰለኝ።

በውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ።

ራዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ካርቶኗም አጠገቡ። ካርቶኗን ከቦርሳዋ አውጥታ ከዚያችኛዋ ጎን አኖረቻት። ሁለቱም አንድ እጅ የጻፋቸው ናቸው።

«ራዲዮኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ካርቶኑ የባሌ ነው። ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ የሠራው ላይ ሁሉ እንዲህ ብሎ ያስራል። ረስቶት ነው። ጠብቆ ነው የሚነበበው።»

«ጠብቆ?» አለ።

«ይክፈቱትና ይሞክሩት። ዓይንዎን ጨፍነው።»

ለምን እንደታዘዛት እሷም አላወቀችም። ከፈተው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማዞሪያውን አዞረ። የሚንሿሿ ድምፅ መጣ፣ ዘፈን አለፈ፣ ጭረቱ አውራ ጣቱ ሥር ሲገባ አንድ ሰው ጥርት ባለ ድምፅ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ መሆኑን ተናገረ።

«ይሰማል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ አጥብቆ። ዓይኑን አልገለጠም።

«አዎ።»

«እናቴ ዓይናቸው እንደማያይ ማን ነገረዎት?»

«ራሳቸው። ሰዓት ይጠይቁኛል።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«አራቴም አምስቴም።»

«እርስዎም ስብሰባ ላይ ነው ይሏቸዋል።»

«እንዳዘዙኝ።»

ዓይኑን ገለጠ። ራዲዮኑን ዘጋ፤ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚህ ልታበቃ ትችል ነበር። ሽቦንም ሳታነሳ፣ ያዳመጠችውንም ሳትናገር መውጣት ትችል ነበር፤ ራዲዮኑ ካርቶኑን አስረድቶላታል። እስከ በሩ ሄዳ እጀታውን እንደያዘች ነገረችኝ። ከዚያ ተመለሰች።

«ዛሬ ጠዋት ግን አዳምጫለሁ» አለች። «ከሠራተኛ አስተዳደሩ ጋር ሲነጋገሩ። ፈርቼ ነው። ከዛሬ በፊት አድርጌው አላውቅም። ሽቦ ምንም አላጠፋም።»

ሁለቱን ካርቶኖች አንስቶ አንዱን በሌላው ላይ ደረበ።

«ለሽቦ የተጻፈው ይቀደዳል» አለ በመጨረሻ። «ለእርስዎ ግን ደብዳቤ ይጻፋል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ…»

«ገብቶኛል።»

«ይውረዱና እናቴን አገናኙኝ» አለ። «እባክዎ። አይስሙን።»

ወርዳ አገናኘችው። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። መብራቱ ሳይጠፋ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። ማታ እቤት ስትመጣ መዳፏ ላይ የወንበሩ ክር ታትሞ ነበር።

ሁሉ ነገር በዚህ ደህና ሆነ ብል ውሸት ነው። ደብዳቤው መጣ። ቢጫው ወረቀት አጠገብ ለጠፈችው። ምን እንደተጻፈባት ማንም እንዲያይ ነው የለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት እጇ ሥራ ሲፈታ ሁልጊዜ ከጭኗ ሥር ነበር። እኔና ጎረቤት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስናወራ ከክፍሉ ትወጣለች። አሥራ ሦስቱን ወር በየዕለቱ ነው የፈራችው፤ ሳትነካው ቁልፉ በራሱ እንዳይሳብ የምትሰጋ ይመስለኝ ነበር። ሽቦ ምንም ሳያውቅ መብራት እየቀየረ፣ በጣሪያው እየተመታ ኖረ።

ራዲዮኑ ለእማማ ደረሰ፤ መደወል ተዉ። እሷ ደግሞ በዚህ ተጨነቀች። «ከኔ ጋር እንዳያወሩ ከልክሏቸው ይሆን?» ትላለች። አንድ ቀን ግን ደወሉ። ልታገናኝ ስትል፣ «ተዪ ተዪ፣ እሱን አይደለም» አሏት። «አንቺን ነው። ብዙ ጊዜ ነግረሽኛል፣ ዛሬ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።» ዘጉ። ከደዋይ ጋር ጨዋታ ክልክል ስለሆነ እሷ ምንም አልመለሰችም። እቤት ስትመጣ ነው የሳቀችው።

የመጨረሻው ዓመት ስጦታ ሲከፈት ለሷ የደረሳት በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ነገር ነበር። ውስጡ ሁለት ነጭ መሃረብ ነው። ስም የለበትም፣ ካርቶን የለበትም። ሾፌሩ «ይሄውላችሁ፣ ራሷ ለራሷ ደረሰቻት!» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከት ነበር። ደንቡ ስለሚከለክል አልጠየቀችም። እኔም አልጠየቅኳትም። «ምንም የማያውቅ ስጦታ ነው» ብቻ አለችኝ፣ መሃረቦቹን እያጠፈች።

አሁን ካርቶን አላስርም። ይሠራል ብዬ እንዳልጽፍ እሱም ይላላል፣ ይጠብቃል። ደንበኛ ሲመጣ ራዲዮኑን ከፍቼ አሰማዋለሁ፤ ያኔ ማንም አላልቶ አያነበውም።

ከመሃረቦቹ አንዱ ከሷ ጋር ሄዷል። ሌላውን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከሞረዱ ጎን አስቀምጬዋለሁ።